የማን ሥዕል ነው?

ሰው ለራሱ ደስታ የሚገዛውንና ለሰው ዓይን የሚገዛውን ለይቶ ቢያውቅ ኖሮ፣ ከኪሱ ብዙ ገንዘብ ከአፉም ብዙ ሐሰት ባልወጣ ነበር። ይህን ነገር ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በገዛ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንድ ሥዕል ተማርሁት እንጂ። ነገሩ የሚያሳፍረኝ ቢሆንም፣ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ እናንተም ነገ ቤት ትይዛላችሁና ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

የምኖረው በእንጅባራ ከተማ ነው፤ ሥራዬም ማስተማር ነው። ከደመወዜ ጥቂት በጥቂት እየቆጠብሁ ሁለት ክፍል ያላት ቤት ሠራሁ። ግድግዳዋን በሲሚንቶ አስለስኜ ነጭ ቀለም አስቀባሁ። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ እናቴ ከዳንግላ ወዲያ ካለው መንደራችን የላከችልኝ አንድ ሰፌድ ብቻ ተሰቅሎ ነበር። ቀይ፣ ጥቁርና ብጫ ቀለም ያለበት፣ እርስዋ በገዛ እጅዋ የሰፋችው ሰፌድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ተሰቅሎ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አስቀይሞኝ አያውቅም።

በአዊ ምድር ጥር 23 ቀን ታላቅ በዓል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዐድዋ ዘመቻና በኋላም በጠላት ወረራ ጊዜ ፈረስ ለአገር የዋለውን ውለታ ለማሰብ፣ ከየወረዳው የሚመጣው ፈረሰኛ ፈረሱን አስጊጦ ሲጋልብ ለማየት ከሩቅ አገር ሁሉ ሰው ይመጣል። ባለፈው ዓመትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የተማሩ ሦስት ጓደኞቼ ለበዓሉ መጥተው ከእኔ ዘንድ እንደሚያድሩ በታኅሣሥ ወር ነገሩኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቴን በእነርሱ ዓይን አየሁት። ያን ጊዜ ያ ሰፌድ ባላገርነቴን ሊናገርብኝ የቆመ ምስክር መሰለኝ። የጓደኞቼን ቤት በስልክ በሚልኩልኝ ፎቶግራፍ አውቀዋለሁ፤ ከሶፋው በላይ በፍሬም የገባ፣ ክብና ሦስት ማዕዘን ያለበት፣ ሰውም እንስሳም ዛፍም የማይታይበት ሥዕል አለ። እንግዲህ እኔም እንዲህ ያለውን ካልሰቀልሁ ቤቴ ቤት አይደለም ብዬ ቈረጥሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ሄድሁ። የቤት ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገብቼ ብዙ ሥዕል አገላበጥሁ። በመጨረሻም አንዱን መረጥሁ። በነጭ መደብ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ግማሽ ክብ አለ፤ ከሥሩ ሦስት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ተደርድረዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብጫ፣ አንዱ አመድማ ነው። አንድ ቀጭን መስመር ከግራ ጫፍ ገብቶ በቀኝ ጫፍ ይወጣል፤ በቀኙ ጠርዝ ደግሞ ሌላ ቅስት መዞር ጀምሮ ከፍሬሙ ሲደርስ ይቆማል። በመኪና የታተመ ወረቀት ነው፤ መስተዋትና ጥቁር ፍሬም አለው።

ሻጩም፣ «ይህ አብስትራክት ይባላል፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚወስደው ይህንን ነው» አለኝ። አብስትራክት ማለት ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ «ሰው ሁሉ» የሚለው ቃል ብቻውን በቃኝ። 4500 ብር ከፈልሁ።

አሁን ስለዚህ ገንዘብ እውነቱን ልናገር። እናቴ ሩቁን ደኅና አድርጋ ታያለች፤ ቅርቡን ማየት ግን እየተሳናት ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የስንደዶውን ጫፍ ለይታ በወስፌ መውጋት ስላቃታት የጀመረችው መሶብ ወገቡ ላይ ቆሞ ቀርቷል። በጤና ጣቢያ ሲያዩዋት የቅርብ መነጽር እንደሚያስፈልጋት ተነግሮአት ነበር። እኔም ባሕር ዳር ወስጄ አስለካልሻለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ከርሜያለሁ፤ ወሩ በመጣ ቊጥርም «በሚመጣው ወር» እላታለሁ። በዚያ ቀን በኪሴ የነበረው ገንዘብ ለዚሁ ጉዳይ ያስቀመጥሁት ነበር። ሥዕሉን በጋዜጣ አስጠቅልዬ ስመለስ፣ አሁንም «በሚመጣው ወር» እያልሁ ለራሴ እነግረው ነበር።

ቤቴ እንደ ደረስሁ ሰፌዱን አወረድሁና ከአልጋዬ ሥር ከተትሁት፤ በእርሱም ሚስማር ላይ ሥዕሉን ሰቀልሁ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬም አየሁትና እጅግ ደስ አለኝ። ነገር ግን ደስ ያለኝ ሥዕሉ ነበርን? ወይስ ጓደኞቼ ገብተው ሲያዩት በሐሳቤ ስላየኋቸው? ያን ጊዜ ይህን ራሴን አልጠየቅሁም።

በጥር መባቻ የንስሐ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩልኝ መጡ። እናቴም ለዚሁ ብላ ከመንደር መጥታ ነበር። አባ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ጠበሉን ረጭተው፣ ጸሎቱን አድርሰው፣ ጠላ ቀርቦላቸው ተቀመጡና ዓይናቸውን ወደ ሥዕሉ አነሡ።

«ልጄ፣ ይህ የማን ሥዕል ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሥዕል ባለቤት አለው፤ ወይ የእመቤታችን ነው፣ ወይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ አለዚያም የሟች አያት ወይም የተመራቂ ልጅ ፎቶግራፍ ነው። ግድግዳ ላይ የወጣ መልክ ሁሉ የአንድ የሚታወቅ ሰው መልክ ነው። እኔ ግን ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። «አላውቅም አባ፣ መልኩን ወድጄው ነው» ብል ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ነገር ግን የተማረ ሰው ነኝና፣ 4500 ብርም ከፍያለሁና፣ «አላውቅም» ማለት ሞት መሰለኝ።

«ሥላሴ ናቸው አባ» አልሁ። «ሦስቱ ቅርጾች ሦስትነታቸውን፣ ክቡ ደግሞ አንድነታቸውን ያመለክታል። በውጭ አገር አሁን የሚሣለው በዚህ መንገድ ነው።»

«እንዲህ ነው?» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የጠላውን ዋንጫ አስቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ተመርኵዘው በጭንቅ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ መለሱ፤ አማተቡ፤ በዚያም በታመመ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው ሰገዱ።

ከሱቅ ለገዛሁት ወረቀት አንድ ቅን ሽማግሌ ሲሰግዱ ቆሜ አየሁ። ምድር ብትከፈትልኝ በወደድሁ። እናቴ ግን ሥዕሉን አልተመለከተችም፤ እኔን ነበር የምትመለከተው።

አባ መርቀውን ከሄዱ በኋላ እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ወደ ሥዕሉ ቀረበች፤ ቅርቡ አይታያትምና ወደ ኋላዋ ሄዳ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተጠግታ ቆመች። ሌባ ጣትዋን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰች እንደምትቈጥር ሁሉ ብዙ ጊዜ አየችው። በኋላም፣

«ልጄ፣ ይህ ነገር ከመካከሉ የተቈረጠ ነው። ወንድሞቹ የት አሉ?» አለችኝ።

«የምን ወንድሞች እምዬ?»

«ይህ መስመር ከግራ ገብቷል፤ የገባ ነገር መነሻ አለው። በቀኝ ወጥቷል፤ የወጣ ነገር መድረሻ አለው። ያ ቅስት ደግሞ ሊዞር ጀምሮ ቀረ፤ የሚገጥመው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ይህን የሠራ ሰው መግጠሙን ሳያውቅ አልጀመረውም። ለይተው ሸጠውልህ ነው።»

እኔ ሥዕሉን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጧትና ማታ ሳየው ይህን አላስተዋልሁም። ወዲያው ስልኬን አንሥቼ ለሻጩ ደወልሁለት። ሳቀና፣ «አዎን፣ ሦስት ሆኖ ነው የመጣው። አንተ መካከለኛውን ወሰድህ፤ ዳርና ዳሩን ሌላ ሰው ወስዶታል። እስከ ዛሬ ግን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ስመለስ እናቴ፣ «ሰፌዱስ?» አለችኝ። ከአልጋው ሥር ጐትቼ አቧራውን እያራገፍሁ ሰጠኋት። አልተቈጣችም። በጉልበትዋ ላይ አኑራ በጣትዋ እየዳሰሰች እንዴት እንደ ተሰፋ ትነግረኝ ጀመር። ይህንን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ትርጓሜውን ግን የሰማሁት በዚያች ማታ ነው።

ሰፌድ ከመካከሉ፣ ከእምብርቱ ይጀመራል። ስንደዶው በውስጥ እየዞረ ይሄዳል፤ በቀለም የተነከረው አክርማ ደግሞ በወስፌ በተወጋው ቀዳዳ እየገባ ይጠቀልለዋል። ዙሩ በሰፋ ቊጥር የስፌቱ ቊጥር ይጨምራል። እንግዲህ በዳሩ ላይ ስምንት ቀይ ቅርጽ እኩል ተደርድሮ እንዲዞር የፈለገች ሴት ገና ከመካከል ሳለች ቈጥራ ማካፈል አለባት። በየዙሩም የጨመረችውን ለስምንቱም እኩል ማዳረስ አለባት። አንዲት ስፌት ከሳተች የመጨረሻው ቅርጽ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ወይ ይጠብባል ወይ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ መፍታት ነው። እናቴ ፊደል አልቈጠረችም። እኔ ግን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብን ስለ ማካፈል የማስተምረውን እርስዋ በወስፌ ትሠራው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ስለ ገዛሁት ነገር ማንበብ ጀመርሁ። ሳይገዙ በፊት መጠየቅ የሚገባውን ከገዙ በኋላ መጠየቅ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ካንዲንስኪ የተባለው የሩሲያ ሰውና ሞንድሪያን የተባለው የሆላንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የሰውን መልክና የአገሩን መልክ መሣል ትተው በመስመርና በቀለም ብቻ መሣል እንደ ጀመሩ ተረዳሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የማሌቪች ነገር ነው። ይህ የሩሲያ ሠዓሊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. በፔትሮግራድ ከተማ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ሥሎ ለሕዝብ ሲያሳይ የሰቀለው ከግድግዳው ማዕዘን፣ ከጣሪያው በታች ነበር። ይህም ቦታ በሩሲያ ቤት ውስጥ ቅዱሳት ሥዕላት የሚቀመጡበት ቦታ ነው። እንግዲህ የእኔ የንስሐ አባት በእንጅባራ የጠየቁት ጥያቄ፣ የማን ሥዕል ነው? የሚለው፣ በዚያን ጊዜም በሩቅ አገር ሳይነሣ አልቀረም። ልዩነቱ ማሌቪች የሰቀለውን ነገር ለምን እንደ ሰቀለው ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ከአገራችንም ገብረ ክርስቶስ ደስታ አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጁ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመለሰና በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ ይህን አዲስ አሣሣል ለአገሩ ሰው አሳየ። በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» የጌታን ስቅለት በዚሁ በአዲሱ አሣሣል የሚያሳይ ነው። ይህ የእኛ አይደለም ብለው የተከራከሩት ሰዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን የሚሠራውን ያውቅ ነበርና ሥራውን ቀጠለ፤ በ1965ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በ1981 በስደት በአሜሪካ አገር ዐረፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተጠራ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2008 ተከፍቷል። እኔ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስማር በደጁ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ግን ገብቼ አላውቅም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። በአካባቢያችን ያለውን የድሮ ቤት ግድግዳ አየሁት፤ ቀርከሃው ተሰንጥቆ አንዱ በላይ አንዱ በታች እየተላለፈ ሲሸመን እርሱ ራሱ ሥዕል ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የማውቀውን ሕንፃ እንደ አዲስ አየሁት። በውጭ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ፤ በመካከሉ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ክብና አራት ማዕዘን ለእኔ እንግዳ አልነበሩም። ከባሕር ዳር ሱቅ ተሸክሜ ያመጣሁት መስመርና ቅርጽ፣ ካደግሁበት ቤት፣ ከምሳለመው ቤተ ክርስቲያንና ከእናቴ ጉልበት ላይ ሳይጠፋ የኖረ ነገር ነው።

ሆኖም የፈረንጁን ጥላ፣ የራስህን ያዝ ለማለት የጻፍሁት አይምሰላችሁ። እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ እውነትም አይደለም። የገዛሁት ሥዕል ክፉ ሥዕል አይደለም፤ የሠራው ሰው ቀለሙን አመዛዝኖ፣ መስመሩን አስልቶ ነው የሠራው። እናቴም ብትሆን ከሥዕሉ ላይ ያገኘችው ነቀፋ መቈረጡን ብቻ ነው፤ «ሠሪው ቈጠራ ያውቃል» ብላ አመሰገነችው። ክፉው ነገር የእኔ አገዛዝ ነበር። በሰው ዓይን መረጥሁት፤ በእናቴ ገንዘብ ገዛሁት፤ በሐሰትም አስከበርሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«እኔ የሰገድሁት ለሥላሴ ነው፤ ለወረቀት አይደለም። ስለዚህ ስግደቴ አልጠፋም» አሉ። «የጠፋው የአንተ ቃል ነው። ለመሆኑ ለምን አላውቅም አላልኸኝም? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በክህነት ሳገለግል ስንቱን ነገር አላውቅም ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ያባረረኝ የለም።»

ቀጥለውም ፈገግ እያሉ፣ «እኔ በታመመ ጉልበቴ አንድ ጊዜ ሰግጃለሁ። አንተ በደኅናው ጉልበትህ አርባ ትሰግዳለህ» ብለው ቀኖናዬን ሰጡኝ።

ጥር 23 ደረሰና ጓደኞቼ መጡ። ሰፌዱ ወደ ሚስማሩ ተመልሶ ነበር፤ ሥዕሉን ደግሞ ከወዲህኛው ግድግዳ ሰቅዬዋለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ሥዕሉን አይቶ፣ «ይሄ ምንድር ነው?» ሲለኝ፣ «የሦስት ሥዕል መካከለኛው ነው፤ ዳርና ዳሩን ሌላ ሰው ገዝቶታል። ትርጕሙን አላውቅም፤ ጥቁሩና ቀዩ ሲተያዩ ግን ደስ ይለኛል» አልሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቶም፣ «እኔም ቤት ያለውን ትርጕሙን አላውቀውም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት ዕቃ አልተነጋገርንም፤ ፈረስ ልናይ ወጣን።

በየካቲት ደመወዜን እንደ ተቀበልሁ እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ሄድሁ። ዓይንዋ ተለካ፤ መነጽሩም ተሠራላት። ዋጋው የሥዕሉን እኩሌታ እንኳ አልደረሰም። ይህን ባሰብሁ ቊጥር እስከ ዛሬ ድረስ ልቤን ያመኛል፤ በማይረባ ምክንያት ሁለት ዓመት አስጠብቄያታለሁና።

ወደ እንጅባራ ተመልሰን ቤት እንደ ገባን መነጽሩን አደረገችና አስቀድማ ሰፌዱን ከግድግዳው አወረደች። በመስኮቱ ብርሃን ይዛ አንድ በአንድ መረመረችው። ድንገትም ጣትዋን በአንዱ ቀይ ቅርጽ ላይ አቆመችና፣ «እዚህ ላይ አንድ ስፌት ስቻለሁ፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ሳይደክም አልቀረም። አየኸው?» አለችኝ።

እኔ አላየሁትም ነበር። ዕድሜ ልኬን ብመለከተውም አላየውም ነበር። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያውቅባት፣ የገዛ እጅዋን ስሕተት በደስታ እየሳቀች አሳየችኝ።

ወጣቶች ሆይ፣ ቤታችሁን አስጊጡ፤ ማስጌጥ ነውር አይደለም። ሥዕል ስትገዙ ግን ሻጩን፣ ከየት መጣ፣ ምን ይባላል፣ ሙሉ ነውን ብላችሁ ጠይቁት። ገንዘቡም የማን ተስፋ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አስቡ። ከሰቀላችሁትም በኋላ አንድ ሽማግሌ ገብቶ የማን ሥዕል ነው? ቢላችሁ የምታውቁትን ያህል ተናገሩ፤ ካላወቃችሁም አላውቅም በሉ። እናቴ አሁን መሶቡን ጨርሳዋለች፤ የሳተችውም ስፌት በሰፌዱ ላይ እንዳለ ነው፤ ልፍታው ስትለኝ ተዪው ብያታለሁ።